ሰዴህና ሰዴት

እኔ የምለው፣ የድሬዳዋ የሳቢያን ሰፈር ሴት በጠዋት ወዴት እንደምትሮጥ ልብ ብላችኋል? ዳቦ ቤት እንዳይመስላችሁ። ብረት ልታነሳ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ፣ አዳራሹ ተዘግቶ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሃያ ሴት ባንድ ላይ ቁጢጥ ብድግ ትላለች። አቦ፣ እንዴት ደስ እንደሚል።

እኔን የወሰደችኝ ጎረቤቴ ፋጡማ ናት። «ስትቀመጪ ያ አላህ፣ ስትነሺ ያ አላህ፤ ጉልበትሽን እሱ ላይ ጣልሽው እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በሽቲዬ ሥር የልጄን ሱሪ አጥልቄ ሄድኩ። ሽቲ ለድሬ ሙቀት የተፈጠረ ልብስ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ነፋስ ያስገባል። ለቁጢጥ ግን አልተፈጠረም። የመጀመሪያ ቀን ጫፉን ረግጬ ለጥቂት በግንባሬ ልተከል ነበር።

አሰልጣኟ ሂቦ ትባላለች። ቀጭን የሱማሌ ልጅ ናት፤ ድምጿ ግን የባቡር ጡሩምባ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ኤዶ፣ ላንቺ ይሄ ይበቃሻል» ብላ ምን ብትሰጠኝ ጥሩ ነው? የመጥረጊያ እንጨት። ኤዶ በሱማልኛ አክስት ማለት ነው። ስሙን ወደድኩት፣ እንጨቱን ጠላሁት። ሌላው ግራና ቀኝ ክብደት የተሰካበት ብረት ተሸክሞ፣ እኔ መጥረጊያ? ሃያ ዓመት ቀፊራ ገበያ ድንች ስሸጥ ጆንያውን ከጋሪ የማወርደው ማን ሆነና? አንዷማ «ስትጨርሺ አዳራሹንም ጥረጊልን» ብላ አሾፈችብኝ። ጥርሴ ሳቀ። ሆዴ ግን አልሳቀም። ሁለት ወር ሙሉ መጥረጊያ ተሸከምኩ።

አንድ ጠዋት ታዲያ ከሴቶቹ አንዷ ለሠርግ ጅግጅጋ ሄዳ ብረቷ ያለ ሰው ተጋደመ። ሂቦን ለመንኳት። አሰበች፣ አሰበችና «አንድ ዘፈን ብቻ። መሃል ላይ ካወረድሽው ወደ እንጨትሽ፤ ሁለተኛ ብረት እንዳትጠይቂኝ» አለች። እሺ አልኩ። ብረቱን ትከሻዬ ላይ አሳረፉልኝ። የቆምኩት ስፒከሩ ሥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሂቦ ስትጀምር ባማርኛ ትቆጥራለች፤ ሲደክማት አፏ ወደ ሱማልኛ ያደላል። ድሬ ነው፣ ማን ይቆጣል? እኔ ደግሞ ቁጥር የሚገባኝ በኦሮምኛ ነው፤ እናቴ ድንች ስትቆጥር የሰማሁት እንደዚያ ነው። ሱማልኛውንም ከገበያ ለምጄዋለሁ። ታዲያ በሱማልኛ ሦስት ሰዴህ ነው። በኦሮምኛ ስምንት ሰዴት ነው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል። እሷን ደግሞ ስፒከሩ በላት።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሂቦ «ሰዴህ ቀረ» ብላ ጮኸች። እኔ የሰማሁት ሰዴት። ስምንት? ጭኔ እንደ ባጃጅ ይንቀጠቀጣል። ይቺ ልጅ ልትገለኝ ነው አልኩ በሆዴ። ግን ያ መጥረጊያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ያየኛል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። አራተኛው ላይ ብረት ሁሉ መሬት ሲነካ ሰማሁ። ደካሞች አልኩ። አምስተኛው ላይ ሙዚቃው ቆመ። መብራት የጠፋ መሰለኝ፤ ድሬ ላይ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ስድስት። ሰባት። ሰዴት ብዬ አወረድኩት።

ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ያቺ ጥረጊልን ያለችው ራሷ ውኃ ይዛልኝ መጣች። ሂቦ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ኤዶ፣ ከሁሉም አምስት ጨመርሽ። ከዛሬ ጀምሮ ብረቱ ያንቺ ነው። ቦታሽም ከፊት ነው፤ አንቺን አይተው ይማሩ» አለች። ምኑን ነው የጨመርኩት? አልገባኝም። ውኃዬን ተቀብዬ ጠጣሁ።

ወደ ቀፊራ ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ ፋጡማ «ሰዴህ እያለችሽ ስምንት የሠራሽው ምን ነክቶሽ ነው?» አለችኝ።

«ሰዴት አይደል እንዴ ያለችው?»

ፋጡማ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ባጃጇን አናወጠቻት። ባለባጃጁ ዞሮ «እናቶች፣ ድልድይ ላይ ነን፤ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ትከቱኛላችሁ» አለ። ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት።

ይኸው አሁን ከፊት ነኝ። ሌላው ሦስት ሠርቶ ሲያወርድ ሂቦ «ኤዶን እዩ» ትላለች፤ ታዲያ በምን ፊቴ አወርዳለሁ? እስከ ስምንት እሄዳለሁ። የተማሩት ማወቅ ብርሃን ነው ይላሉ። ይሁንላቸው። ከፊት ስፒከር የለም፣ አጥርቼ እሰማለሁ፤ ሰዴህ ሦስት መሆኑን መስማት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ብረቱ ከአራተኛው ጀምሮ ይከብደኛል።