ባለ አርባ ሦስት አንቀጹ የአላስካ ሽርሽር

መጀመሪያ የተሰማው ፊሽካ ነው። ባሕሩም ተራራውም ገና በጉም ተሸፍነው ሳይታዩ፣ በትልቁ መርከብ ስምንተኛ ፎቅ፣ በጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ፊሽካ ተነፋ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ቀጥሎ በሮች ተንኳኩ። ቀጥሎ አንድ ሰው ከአልጋው ሳይነሳ ተሳደበ። በዚህም የአላስካ ሽርሽር አምስተኛው የደስታ ቀን በይፋ ተከፈተ።

ፊሽካውን የነፉት የተከበሩ አቶ ዌንደል ስትሩፕ ናቸው። አቶ ዌንደል በኔብራስካ፣ በአንድ የአውራጃ መሥሪያ ቤት፣ በመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለው በምክትል ኃላፊነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከተሰመረለት መስመር አንድ ጣት ወጥቶ የቆመ መኪና አይተው በዝምታ አላለፉም። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤት ይጎዳል፤ ጎረቤት ግን ይጠቀማል። አሥራ አራት የሰፈራቸው ጡረተኞች አላስካን በመርከብ እንይ ብለው ሲነሱ፣ አቶ ዌንደል ማንም ሳይለምናቸው የዕቅድና የደስታ አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኑ። ምርጫው ፍጹም ነፃ ነበር፤ ሌላ ዕጩ አልነበረም።

ከስምንት ወር ጥናት በኋላም አርባ ሦስት አንቀጾችና ሦስት አባሪዎች ያሉት «የአላስካ የመርከብ ሽርሽር ዕቅድና የመደሰት መመሪያ» ወጣ። ዝናብ እንደሚኖር አስቀድሞ ስለታወቀ እያንዳንዱ ገጽ በላስቲክ ተለብጦ ለአባላት ታደለ።

እውነቱን ለመናገር ምክሩ ምክር ነበር። ልብስ ሦስት ድርብ ይለበስ፤ ከውስጥ ስስ፣ ከመሃል ሹራብ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ። ወደ ሰሜን ሲጓዙ መሬቱ በስተቀኝ ስለሚውል ክፍል በስተቀኝ ይያዝ። ለሚያጥወለውለው ዝንጅብል ይቀመጥ። የስልክ ሰዓት አይታመን፤ የመርከቡና የየብሱ ሰዓት አንዳንዴ አይስማሙምና። በአንቀጽ አራት ደግሞ እያንዳንዱ አባል መድኃኒቱን፣ የጥርስ ብሩሹንና አንድ ቅያሪ ልብስ የያዘች ትንሽ የእጅ ቦርሳ ምንጊዜም አዘጋጅቶ በሄደበት ሁሉ እንዲይዛት ታዟል። ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል። አባል እንዳይጠፋ ደግሞ ሁሉም ብርቱካናማ ኮፍያ እንዲያደርግ ተወስኗል።

ከአባላቱ አንዷ የአቶ ዌንደል ባለቤት ወይዘሮ ሎሪን ናቸው። እሳቸው ከዚህ ጉዞ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባታቸው በወጣትነታቸው አንድ በጋ በአላስካ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ሠርተው ስለነበር፣ ራት ላይ ይህን ደጋግመው ያወሩላቸው ነበር፦ ባሕሩ ዳር ከቆመው የበረዶ ግግር ቤት የሚያህል ቁራጭ ሲገነጠል መጀመሪያ የሚሠራው ዓይን ነው። ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። በመሃል ትንፋሽ የምታስውጥ አንዲት ዝምታ አለች። ከዚያ ነጎድጓዱ ደረት ውስጥ ይገባል። ወይዘሮ ሎሪን ያቺን ዝምታና ያንን ነጎድጓድ አንድ ጊዜ መስማት ይፈልጋሉ። ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ አርባ አንድ ዓመት ጠይቀዋል። አቶ ዌንደልም ጥያቄውን ችላ አላሉትም፤ በአባሪ ሐ «ልዩ ልዩ» በሚለው ርዕስ ሥር አስፍረውታል።

ሥራው እስከዚያ ቀን ድረስ አመርቂ ነበር። በየምሽቱ ከራት በፊት የደስታ አፈጻጸም ሪፖርት ይቀርባል። ጸሐፊው አቶ ሃርላን፣ የአቶ ዌንደል የአጥር ጎረቤት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያነባሉ።

«ዓሣ ነባሪ፦ በዕቅድ ስድስት፣ ክንውን ሁለት ተኩል።»

«ግማሹ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ ወይዘሮ ግሌንዳ የተባሉ አባል።

«ጅራቱ ብቻ የታየው ነዋ። ሊቀመንበሩ ናቸው በግማሽ ይያዝ ያሉት።»

«ድብስ?»

«በዕቅድ ሦስት፣ ክንውን አንድ። በኋላ ጉቶ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ግን ሪፖርቱ ስለተፈረመ አልተሻረም።»

ተጨበጨበ። ጉቶውም እስከ ዛሬ ድብ ነው።

ከሁሉ የደመቀው ግን የሠላሳ ስምንተኛው አንቀጽ አፈጻጸም ነበር። በመርከብ ሽርሽር ዘንድ የቆየ ወግ አለ፦ መርከቡ ከወደብ ሊነሳ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ መጠጡን ይዞ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣና፣ ሰዓት አልፎባቸው በወደቡ ላይ እየሮጡ የሚመጡትን እያየ ያጨበጭባል። አቶ ዌንደል ይህን ሥርዓት የለሽ ደስታ መስመር አስያዙት። ሰዓት ቆጣሪ ገዙ። ለሯጮቹ ውጤት ይሰጥ ጀመር። አንዲት ወፍራም ሴትዮ በሁለት እጃቸው የገበያ ከረጢት አንጠልጥለው ሲሮጡ፣ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ «ሩጪ! ሩጪ!» አለ። አንድ ከረጢት ተቀደደ፤ ሳቁ ከመርከቡ ጡሩምባ በለጠ።

«ያሳዝናሉ እኮ» አሉ ወይዘሮ ሎሪን።

«ማሬ፣ መመሪያ ቢኖራቸው ኖሮ አይሮጡም ነበር» አሏቸው አቶ ዌንደል፣ ዓይናቸውን ከሰዓት ቆጣሪው ሳያነሱ።

እንግዲህ ፊሽካው የተነፋበት አምስተኛው ቀን የበረዶ ግግሩ ቀን ነበር። መርከቡ በጠባቡ የባሕር ወሽመጥ ገብቶ ከሰማያዊው የበረዶ ግድግዳ ፊት ቆመ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ሞተሩን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ እዚህ አንድ ሰዓት ብቻ እንደሚቆይና ሁሉም እንዲያይ መርከቡን ቀስ አድርጎ እንደሚያዞር ተናገረ። በመመሪያው መሠረት በረዶው የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በስተቀኝ፣ ሁለተኛውን በስተግራ መታየት ነበረበት። ካፒቴኑ ግን መመሪያውን ያላነበበ ሰው ነበርና በተቃራኒው አዞረ።

ስለዚህ አሥራ አራት ብርቱካናማ ኮፍያዎች በስተቀኝ ተሰልፈው ራቁቱን የቆመ ጥቁር ድንጋይ ይመለከቱ ጀመር።

«ዌንደል፣» አሉ አቶ ሃርላን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በረዶው በዚያ በኩል ነው እኮ።»

«በመመሪያው በዚህ በኩል ነው።»

«በመመሪያው አዎ። በዓይን ግን በዚያ በኩል ነው።»

«ታዲያ የጸደቀ ሰነድ በዓይን ይሻራል?»

ወይዘሮ ሎሪን የባላቸውን ክንድ ያዙ። «ዌንደል፣ እባክህ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። አንድ ነገር ነው የለመንኩህ።»

አቶ ዌንደል ልበ ደንዳና አይደሉም። ሚስታቸውን አዩ፤ ድንጋዩን አዩ፤ የማሻሻያ ሐሳብ እንዲቀርብ ፈቀዱ። አቶ ሃርላን አቀረቡ፣ ወይዘሮ ግሌንዳ ደገፉ። አንድ አባል ሁለተኛው አጋማሽስ ምን ይሁን ብለው ሰፊ ማብራሪያ ጠየቁ። ማሻሻያው በአሥራ ሦስት ድጋፍ ጸደቀ። አሥራ አራተኛዋ፣ ወይዘሮ ሎሪን፣ ድምፅ አልሰጡም፤ ለስብሰባው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ይህ ሁሉ ሃያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ፈጀ፤ ለዲሞክራሲ ብዙ አይደለም።

በስተግራ እንደደረሱ ስም ተጠራ። ሁሉም አሉ። ከዚያ አቶ ዌንደል በረዶውን በጀርባቸው፣ አባላቱን በፊታቸው አድርገው ቆሙና አንቀጽ ሃያ ሰባትን፣ ስለ ዝምታ የሚደነግገውን፣ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ንዑስ አንቀጽ አንድ! በበረዶ ግግሩ ፊት ማንኛውም አባል ፍጹም ጸጥታን ይጠብቃል! ንዑስ አንቀጽ ሁለት! ጸጥታ ማለት...»

ከኋላቸው የግድግዳው አንድ ጎን ተንቀሳቀሰ። የቤተ ክርስቲያን ግንብ የሚያህል ሰማያዊ በረዶ፣ እንደ ደከመ ሰው፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ተደፋ። ድምፅ የለውም። በሰገነቱ ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ወይዘሮ ሎሪን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ዝምታዋ መጣች፤ አባታቸው እንዳሉት ነበረች።

አቶ ዌንደል አባላቱ እሳቸውን ትተው ወደ ሌላ እንደሚያዩ ተገነዘቡ። ይህ ግልጽ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው። ፊሽካቸውን አነሱና ነፉ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ነጎድጓዱ የደረሰው በዚያ መካከል ነው ይባላል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች መስክረዋል። ከፊሽካው ሥር ቆመው የነበሩት ግን ለመመስከር አይበቁም።

«አየሽው?» አሉ አቶ ዌንደል ፊታቸው በርቶ፣ ዘወር ብለው የሚናወጠውን ውሃ እያዩ። «ሰማሽውስ?»

«ፊሽካህን ሰማሁ» አሉ ወይዘሮ ሎሪን።

አቶ ዌንደል ብዕራቸውን አውጥተው አባሪ ሐ ላይ ምልክት አደረጉ። ክንውን መቶ በመቶ። ቀሪው ሰዓት በቡድን ፎቶግራፍ አለፈ።

በማግሥቱ መርከቡ የመጨረሻዋ ትንሽ ወደብ ላይ ቆመ። ዝናብ ይዘንባል፤ እዚያ አገር ይህ ወሬ አይደለም። ወደቡ ዳር ቡናማ የጎማ ቦት የተጫማች አንዲት የአካባቢው ሴት፣ ቴልማ የምትባል፣ ከአንዲት ትንሽ የብረት ጀልባ ላይ ቆማ ገመድ ትጠቀልላለች። አቶ ዌንደል ባለቤታቸውን አስከትለው ቀረቧት።

«እመቤት፣ ዓሣ ነባሪዎቹ እዚህ የሚያልፉበት የታተመ ፕሮግራም ይኖርሻል?»

ቴልማ ኮፍያቸውን አየች፤ ፊሽካቸውን አየች። «ጌታዬ፣ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው፤ መጥተው አይፈርሙም።»

ወይዘሮ ሎሪን ሳቁ። በስድስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው፤ በሪፖርቱ ግን አልተያዘም።

«አንቺስ የት ነው የምትሄጂው?» አሏት ወይዘሮ ሎሪን።

«ወደ በረዶው። ማዶ አንዲት ጎጆ አለችኝ፣ እዚያ አድራለሁ። አሥር ሰዓት ላይ እወጣለሁ።»

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጠዋት ሞተሩን አጠፋና እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?» አሉ አቶ ዌንደል፣ ብዕር አዘጋጅተው።

«ከዚያማ ቁጭ ነው።»

«ስንት ሰው ትይዛለች ጀልባሽ?» አሉ ወይዘሮ ሎሪን።

«አንድ ቦታ አለኝ። ዝም ማለት ለሚችል።»

«ለኮሚቴው አትበቃም» ብለው አቶ ዌንደል መመሪያቸውን ከደኑና ሄዱ። ወይዘሮ ሎሪን የሴትዮዋን ቦት ትንሽ አይተው ተከተሏቸው። መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ፊት ቆም አሉ። «አንተ ቅደም» አሉ። አቶ ዌንደል ሰዓታቸውን አይተው ቀደሙ።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ኮሚቴው በላይኛው ሰገነት ተሰበሰበ። የመሳፈሪያው ሰዓት አልፏል፤ የወጉ ሰዓት ነው። አቶ ዌንደል ሰዓት ቆጣሪያቸውን ይዘው ከብረቱ አጥር ተደገፉ። ሎሪን ክፍል ውስጥ ናት ብለው ደምድመዋል፤ በዚህ ሰዓት ሁሉም አባል በመርከቡ ላይ መሆኑን አንቀጽ ሠላሳ ሰባት ያረጋግጣልና። ባልና ሚስት እየሮጡ መጡ፤ ተጨበጨበላቸው። አንድ ሽማግሌ ዣንጥላቸው ተገልብጦ መጡ፤ ሰባ አንድ ሰከንድ ተመዘገበላቸው።

«ሌላ አለ!» አሉ ወይዘሮ ግሌንዳ። «ያውና፣ ከሱቁ የወጣው! ብርቱካናማ ኮፍያ ነው!»

«ከእኛ?» አሉ አቶ ዌንደል ተቆጥተው። «ማነው ያ ደፋር?»

የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አነሱ። በዝናቡ ውስጥ አንዲት ሴት ትመጣለች። ሦስት ድርብ ለብሳለች፤ ከላይ ዝናብ የማያስገባ። በአንቀጽ አራት የታዘዘችው ትንሽ የእጅ ቦርሳ በትከሻዋ ናት። እግሯ ላይ አዲስ ቡናማ የጎማ ቦት አለ። ከቦቱ በቀር ሁሉም እንደ መመሪያው ነው።

«ሎሪን ናት!» ጮኹ አቶ ሃርላን። «ሩጪ ሎሪን! ሩጪ!»

ኮሚቴው እንደ ልማዱ በአንድ ድምፅ ተቀበለ። ሌላውም ተሳፋሪ አገዘ። ሦስት ፎቅ ሰው «ሩጪ!» ይላል። ወይዘሮ ሎሪን አልሮጡም። የመርከቡ መሸጋገሪያ ድልድይ ጋ ደረሱ፤ አለፉት። ኮፍያቸውን አውልቀው የመርከብ ገመድ በሚታሰርበት ብረት ላይ አስቀመጡት። ቴልማ ከጀልባዋ ላይ እጇን ዘረጋችላቸው።

አቶ ዌንደል ፊሽካቸውን አነሱ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ባላቸው ትንፋሽ ሁሉ ነፉ። በዚያው ቅጽበት ከራሳቸው በላይ የመርከቡ ጡሩምባ የስንብቱን ድምፅ አሰማ። ጉንጫቸው ሲነፋ ታየ፤ ሌላ የተሰማ ነገር የለም።

ጡሩምባው ሲያበቃ አቶ ሃርላን የሪፖርት ደብተሩን ገልጠው ቆመው ነበር።

«ዌንደል፣ ምን ብዬ ልመዝግብ? ዘግይታለች ነው የምለው ወይስ ቀድማለች?»

አቶ ዌንደል መመሪያውን ገለጡ። ከላስቲኩ ላይ ውሃውን በእጃቸው ጠረጉ። አንቀጽ ሠላሳ ስምንትን አዩ፤ አባሪ ሐን አዩ፤ ምልክቷ አለች፣ መቶ በመቶ። በእጃቸው የያዙት ሰዓት መቁጠሩን አላቆመም።

ታች፣ ትንሿ ጀልባ ከወደቡ ተላቀቀች። ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ወደ ጉሙ ገቡ።