ፕላስቲኮች ሰው ሲፈትኑ

ባለፈው ማክሰኞ ቀትር ላይ ትርሲት አድማሱ የምሳ ዕቃዋን እንኳ ሳትከድን፣ ምድር ቤት ባለው ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ክንዷን ተንተርሳ ሕልም አየች።

በስምንት ሰዓት የዶክትሬት ሥራዋን ለሦስት ፈታኞች ልታቀርብ ነበር። ስድስት ዓመት የደከመችበት ነገር ቴምብር የምታህል ስስ ፕላስቲክ ናት፤ ኤሌክትሪክ ሲነካት አረንጓዴ ትበራለች። እናቷ ነገሩን የሰማች ዕለት፣ «ፕላስቲክ ውሃ ይቀዳበታል እንጂ መብራት አይወጣውም፤ ማን አታለለሽ ልጄ?» ብላት ነበር። ትርሲት ግን አልተጠራጠረችም። ጠዋት ሦስት ጊዜ ሞክራት ሦስቴም በርታለች። እንቅልፍ የወሰዳትም ልቧ ሙሉ ስለነበር ነው።

በሕልሟ ከግቢው በር ወጣች። ቢጫ ጀሪካኖች ሰው በጀርባቸው አዝለው ቦኖው ፊት ተሰልፈዋል። ተራው የደረሰው ያዘለውን ሰው አውርዶ፣ አፉን አስከፍቶ ከቧንቧው ሥር ይደቅነዋል። መንገዱ ዳር ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ሰዎች ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ከአንዲት አሮጊት ደጃፍ ደግሞ የመብራት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሳህን ይዘው ቆመዋል።

«እማማ፣ ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ነን» አሉ።

አሮጊቷ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ሲስተም የለም። ነገ ተመለሱ» አለቻቸው።

ትርሲት ምንም አልገረማትም። መፈተኛው አዳራሽ ስትገባ አምፖሎች ወንበር ይዘው መጽሐፍ ያነባሉ፤ ከጣራው የተንጠለጠሉት ሰዎች ናቸው። አማካሪዋ ዶክተር ኅሩይ በቀበቷቸው ታስረው፣ መሀል ላይ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ብርሃን ይሰጣሉ።

«ዶክተር፣ ተመችቶዎታል?»

«ደህና ነኝ፤ ትንሽ ያዞረኛል እንጂ» አሏት።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢው ክራባት ያሰረ አሮጌ የዘይት ጀሪካን ነው። ከጎኑ ጥቁር ፌስታል፣ ከዳር ደግሞ ጓደኛው የጠፋበት የግራ እግር ሸበጥ ተቀምጠዋል።

«ሰው ለመቀመጫነት እንደሚያገለግል የታወቀ ነው» አለ ጀሪካኑ። «አንቺ ግን ሰው ይበራል ትያለሽ። እስቲ አስረጂን።»

«ዝም ብሎ አይበራም» አለች ትርሲት። «በአንዱ ጫፍ የጎደለ፣ በሌላው ጫፍ የተረፈ ይገባል። ሁለቱ መሀል ላይ የተገናኙ እንደሆነ ብርሃን ይወጣል።»

«ከአንቺ የጎደለው ምንድነው?» አለ ፌስታሉ እየተንኮሻኮሸ።

«እንቅልፍ።»

«የተረፈሽስ?»

«ልበ ሙሉነት።»

ሸበጡ በሳቅ ተገለበጠ። ዶክተር ኅሩይ ከላይ ሆነው፣ «ኧረ አቅኑት! የተገለበጠ ጫማ ገዱ አያምርም!» ብለው ጮኹ።

ሁለት ሽቦ አመጡና አንዱን ከቀኝ፣ ሌላውን ከግራ አውራ ጣቷ ጋር አሰሩት። ምንም የለም። በዚህ መሀል ነፋስ ገባና ፌስታሉን በመስኮት ይዞት ወጣ። ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ብቻ «አንድ ፈታኝ በነፋስ ምክንያት ቀርቷል» ተብሎ ተጻፈ።

«አልበራሽም» አለ ጀሪካኑ።

«ጠብቁ» አለች።

ጠበቁ። መጀመሪያ ጥፍሮቿ፣ ቀጥሎ ክርኖቿ፣ ከዚያ መላ አካሏ እንደ አዲስ ሣር አረንጓዴ በራ። አምፖሎቹ መጽሐፋቸውን ይዘው ተጠጓት። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ሳህናቸውን እያንኳኩ ግር ብለው ገቡ፤ «እመቤታችን፣ ለእኛም ጠብታ!» ትርሲት ከገዛ እጇ የሚወጣውን ብርሃን እያየች ቀጥ ብላ ቆመች። ጀሪካኑ ሊፈርም እጀታውን ሲያነሳ ግን አንድ ሰው ትከሻዋን ነቀነቃት።

«ተነሺ እንጂ ልጄ!»

የሕንፃው ተቆጣጣሪ አቶ ደስበለው ነበሩ። ቤተ ሙከራው ድቅድቅ ብሏል።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስምንት ተኩል። መብራት ሄዷል፤ ጄኔሬተሩም ናፍጣ የለውም።»

«ፈታኞቹስ?»

«መጥተዋል፤ ግን አልደረሱም» አሉ አቶ ደስበለው ጭንቅላታቸውን እያከኩ። «ሊፍት ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱም። ስልካቸውን ደግሞ ለፈተናው ክብር ብለው እኔ ጋ አስቀምጠውታል።»

ትርሲት ፕላስቲኳንና አንድ ባትሪ አንስታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ የሊፍቱ በር ከውስጥ ይደበደባል። ተንበርክካ የፕላስቲኳን ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘችና አረንጓዴ የበራችውን ስስ ፕላስቲክ በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አሾለከቻት።

ድብደባው ቆመ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ የሰብሳቢው የፕሮፌሰር ይነበብ ድምፅ።

«የመመረቂያ ሥራዬ ነው፣ ፕሮፌሰር። ትርሲት ነኝ።»

ውስጥ ሦስት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ተሰማት።

«ባትሪው ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

«አርባ።»

«እንግዲያው ገለጻሽን በሃያ ጨርሺ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ጥያቄ አለን።»