የአባየ ሁለተኛ ክኒን

ስህተት ሲባል ሁልጊዜ አጥፊ ያለው ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። እንጀራዬ የሆነው ሥራ ግን ሌላ አስተማረኝ፤ ሁለት ደጋጎች እያንዳንዳቸው ልክ የሆነውን ነገር ያደርጉና አንድ ላይ ጥፋት ይሠራሉ። ጥፋቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው።

ፒያሳ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የኮምፒውተር አንጀት እፈትሻለሁ። ከርነል ይባላል፤ ፕሮግራሞች ሁሉ ሜሞሪ የሚለምኑት፣ ሲጨርሱም የሚመልሱት እሱ ዘንድ ነው። ያን ሰሞን የያዘኝ ስህተት እንዲህ ነበር፤ ሁለት ፕሮሰሰሮች አንዷን የሜሞሪ ገጽ እኩል ያዩና «ይህች ገና አልተመለሰችም» ብለው ሁለቱም ይመልሷታል። ሁለት ጊዜ የተመለሰች ገጽ ደግሞ ለሁለት ባለቤት ትሰጣለች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ልያዘው ብዬ መከታተያ ስጨምርበት ጨዋ ይሆናል። ዞር ስል ይብሳል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲጫወትብኝ ከረመ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ማኅሌት ቆመው ኖሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለው ቤታቸው ብዙም አይወጡም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በየጠዋቱ የደም ግፊት ክኒን ይውጣሉ። አንድ። ወደ ሥራ ስሄድ ገብቼ እሰጣቸዋለሁ፤ መምህርቷ እህቴ ትርንጎ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ጎራ ትላለች። የሰላሳ ቀኑን እሽግ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ባዶውን አገኘሁት። ለካ እኔ ሰጥቼ ስወጣ እሷም አልሰጠም ብላ ትሰጣለች!

«አባየ፣ ሁለት ስንሰጥዎ ምነው ዝም አሉ?» ብላቸው «ሸጋ ነኝ፣ ምን ሆንኩ?» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ወስጄ ባስለካቸው ግፊታቸው ልክ ሆኖ ተገኘ። እኔ ግን አላመንኩም፤ አባቴን በገዛ እጃችን ልንገድላቸው ነው አልኩ።

በእኛ ሙያ የዚህ መላው ቁልፍ ነው። አንዱ ሲሠራ ምልክት ያደርጋል፣ ሌላው ምልክቱን ሲያይ ይመለሳል። አዲስ እሽግ ገዛሁና ሕግ አወጣሁ፤ ክኒኑን የሰጠ ሰው የአባየን መቋሚያ ከውጭ በሩ ላይ ያስደግፋል። ትርንጎ ስቃብኝ ተስማማች።

አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ትርንጎ ደወለችልኝ። «ምነው ዛሬ ቀረህ? መቋሚያው የለም፤ እኔ ሰጠኋቸው።»

ሰጥቻለሁ እኮ! አስደግፌያለሁም! ባጃጅ ይዤ በረርኩ። አባየ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መቋሚያው ከጎናቸው ነው፤ እጃቸው የድጓቸው ማኅደር ውስጥ ገብቷል። ማኅደሩን ቀስ ብዬ ተቀበልኳቸው። ከመጽሐፉ ሥር አሥራ ስድስት ነጫጭ ክኒኖች ተኝተዋል።

«ያንተን እውጣለሁ፣ አትደንግጥ» አሉኝ። «የሷን በመዳፌ ይዤ ውሃውን ብቻ ነው የምጠጣ።»

«ታዲያ ወስጃለሁ ቢሏትስ?»

«ብላትማ ቆማ ትሄዳለች። ክኒን ስትሰጠኝ ግን ትቀመጣለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ ስለ ተማሪዎቿ ታወራኛለች።» ወደ መቋሚያው አዩ። «ይኸ ያንተ ምልክት ልጄን ከደጅ መለሰብኝ።»

አፈርኩ። እኔም እስከዚያ ቀን ክኒን አቀብዬ ቆሜ ነበር የምሄደው። አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል፤ አለቀስኩ።

የከርነሉን ስህተት በሳምንቱ በቁልፍ ዘጋሁት፤ አደብ ገዛ። የቤቱን ቁልፍ፣ የመቋሚያውን ምልክት፣ ግን አነሳሁት። ከትርንጎ ጋር ተማክረን ክኒኑ በእሷ ቦርሳ እንዲሆን፣ የሚውጡበትን ጠበል ደግሞ እኔ ከደብሩ እንዳመጣ ተስማማን። ከእንግዲህ ማናችንም ብቻችንን ክኒኑን ልናስውጣቸው አንችልም።

እንዲህ ያለው አሠራር በሙያዬ ነውር ነው። አንዱ የሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ተገትረው ይቀራሉ፤ ከመጀመሪያው ስህተት የከፋ ነው ይባላል። ባልደረቦቼ ቢሰሙ መሳቂያ ያደርጉኛል።

ዛሬ ጠዋት ትርንጎ አረፈደች። ጠበሉን እንደያዝኩ ሃያ ደቂቃ ሰዓቴን እያየሁ ተገተርኩ።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ምነው ቆምክ?» አሉና አባየ አልጋቸው ላይ ጠጋ አሉልኝ።