የማይቀልጠው የፋሲካ ቸኮሌቴ ምስጢር

ትናንት «በሸዋ ሮቢት ሙቀት የማይቀልጥ ቸኮሌት ሠራሁ!» ብዬ የለጠፍኩት ፎቶ ትዝ ይላችኋል?

እናንተ አሠራሩን ስትጠይቁ፣ እኔ ደግሞ እንደ ትልቅ ሼፍ ኮመንት ላይ ስመልስ ያመሸሁበት?

በናታችሁ ማንም እንዳይሠራው! የሠራችሁ ካላችሁ… ቆይ፣ እሱ ጋ እደርሳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ በማህሌት ነው። ስምንት ዓመቷ ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ከድጃ ልጅ ሐያት ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ናት። ለኢድ ሐያት ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዛላት ስትመጣ ማህሌት «ለፋሲካ እኔ አበላሻለሁ፣ ማርያምን!» ብላ ማለችላት።

ከማለች በኋላ ነው ያሰበችው።

«እማዬ፣ ሐያት የኛን ሥጋ አትበላም አይደል? ታዲያ ፋሲካ ፋሲካ የሚል፣ እሷ የምትበላው ምን አለ?»

እውነቴን ነው፣ ጥያቄው እኔንም ያዘኝ። ዶሮው አይሆንም። ክትፎው አይሆንም። ድፎ ዳቦ ብላት «እሱንማ ሁልጊዜ ትበላለች!» ብላ ኩርፍ አለች።

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ፈለግሁ። ፈረንጆቹ ለፋሲካ ከልጆቻቸው ጋር የቸኮሌት እንቁላልና ጫጩት ይሠራሉ ለካ!

ጫጩት! ተገኘ!

ችግሩ ያለነው ሸዋ ሮቢት ነው። እዚህ ቸኮሌት ገዝታችሁ ባጃጅ ከተሳፈራችሁ ቤት ስትደርሱ የምትጠጡት ነው። ስለዚህ ከቸኮሌቱ ዱቄት ራሳችን እንሥራ ብዬ እህቴን ከአዲስ አበባ ኮኮዋ አስላክኳት። በሚኒባስ መጣልኝ።

በዚያው ሳምንት የባለቤቴ እናት እማማ ዘነበች ከካራቆሬ መጡ። ፋሲካን እኛ ጋ ሊውሉ። ቆልተው የፈጩትን ተልባም ይዘው። እንደምታውቁት ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሆድ ዶሮ ከመግባቱ በፊት በተልባ ይለሳለሳል፤ እማማ ደግሞ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

ኮኮዋውን አንድ ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ውስጥ ገለበጥኩ። ተልባውንም ሌላ ተመሳሳይ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ውስጥ። ክዳኑ ላይ ልጽፍበት ነበር፣ እስክሪብቶው ጠፋ።

አዎ። ገብቷችኋል። ግን ተረጋጉ፣ እኔ ገና አልገባኝም!

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ተጀመረ። ስኳር፣ የገበታ ቅቤ፣ የዱቄት ወተት፣ የተፈጨ ብስኩት፣ ሙቅ ውሃና ሁለት ኩባያ «ኮኮዋ»። ሽታውስ ትሉኛላችሁ። ቤቱ እኮ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሸቶ የራሴ ሽቶ እንኳ አይሸተኝም!

ቀለሙስ? ትንሽ ነጣ ብሏል። ወተቱ ነው አልኩ።

ማንኪያውን ሳነሳው ክር ይስባል። ዝልግልግ ይላል። እኔ እቴ! «ቪዲዮው ላይም እንዲህ ይንጠለጠላል» ብዬ ለማህሌት አስረዳኋት።

ጣቴን ወደ አፌ ልወስድ ስል ማህሌት እጄን ቸብ!

«እማዬ፣ ጾም ነው! ፋሲካ ነገ አይደል እንዴ?»

ልክ ናት። ዘንድሮ የመጀመሪያ ጾሟ ስለሆነ ቤቱን የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ወጡንም ሳንቀምስ ነው የምንሠራው፣ ቸኮሌቱን ማን ይቅመሰው?

ናቲ! የአራት ዓመቱ ወንድ ልጄ። የማይጾም እሱ ብቻ ነው።

«ናቲዬ፣ እንዴት ነው?»

«ይጣፍጣል!»

«ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል?»

«ይላል!»

ይሄ ልጅ ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሳሙናም «ይጣፍጣል» ብሏል። ምን ነካኝ እሱን ያመንኩት?

ልጆቹ በእጃቸው ድቡልቡል እያደረጉ ጫጩት ሠሩ። ዓይኑ ጥቁር አዝሙድ፣ አፉ የካሮት ቁራጭ። አንዱ ጫጩት ሦስት ዓይን አለው፣ የናቲ ሥራ ነው። ሳቃችን ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ፍሪጅ የለም። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። በቃ፣ ሊቀልጥ ነው ብለን ሦስታችንም ትሪው ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን።

አልቀለጠም!

አንድ ሰዓት አለፈ። ንቅንቅ አላለም። በጣቴ ብጫነው ተመልሶ ይነሳል። እንዴት? ብስኩቱ ነው? ወተቱ ነው? ወይስ የኔ እጅ ነው?

የኔ እጅ ነው ብዬ ወሰንኩና ለጠፍኩላችሁ።

ናቲ ግን ከማታ ጀምሮ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ምን በላ ብዬ አሰብኩ፤ ከቸኮሌት በቀር አዲስ ነገር አልበላም። ቸኮሌት ደግሞ እንዲህ አያደርግም። ይሄም ሳይገባኝ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ማህሌት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫጩቶቹን በሳህን ሸፍና ወደ ሐያት ቤት በረረች። እኔ ለእማማ ተልባቸውን በማር በጥብጬ አቀረብኩ።

አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ብርጭቆውን አዩት። እኔን አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የኔ ተልባ እንዲህ አይመርም። ምን ጨመርሽበት?»

ቀመስኩት።

ኮኮዋ!

ታዲያ ጫጩቶቹ ውስጥ ያለው…?

በአንድ እግሬ የኔን ሰንደል፣ በሌላው የባሌን አድርጌ ሮጥኩ። ልጄ የማለችበት ነገር እኮ ነው! ለጓደኛዋ የሆድ ማለስለሻ አስይዤ ላክኋት!

ስገባ ሁሉም ያኝካል። እትዬ ከድጃ ያኝካሉ። ባላቸው ያኝካሉ። ሐያት ሁለተኛዋን ይዛለች። ማህሌትም ያኝካል አፏ፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። አውቃለች! የመጀመሪያዋን ስትጎርስ ነው ያወቀችው።

«እትዬ ከድጃ፣ ይቅርታ፣ ተልባ…» አልኩ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እሱንማ ለይተነዋል» አሉ እየሳቁ። «እኛስ ሆነ ብለሽ ነው፣ የረመዳን ጾም ያደረቀውን ልታለሰልሺልን ነው ብለን! ማሻአላህ፣ ጫጩት መምሰሉ ነው የገረመኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ማህሌት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሐያትዬ፣ ቸኮሌት ነበር እኮ… እማዬ ናት ያሳሳተችው።» ልብ በሉ፣ እኔው ላይ ነው የተላከከው። ልክም ነች።

ሐያት ግን ባለ ሦስት ዓይኑን ጫጩት አንስታ በጣቷ ትጫነዋለች። ተመልሶ ይነሳል። ደግማ ትጫነዋለች። ስታየው ስታየው ቆየችና፦

«አይቀልጥም እንዴ?» አለች።

«አይቀልጥም» አለች ማህሌት አፍንጫዋን እየጠረገች።

«በቃ፣ ይሄን ለአረፋ አስቀምጠዋለሁ። ያኔም አንቺ ስለማትጾሚ አብረን እንበላዋለን።»

ልጄ በእንባዋ መሃል ሳቀች። እኔም አለቀስኩ መሰለኝ፤ ላብ ነው ብያለሁ።

እናንተ ግን በዝምታ አትለፉኝ። ትናንት በኔ አሠራር የሠራችሁት በእውነተኛ ኮኮዋ ስለሆነ ቀልጦ ይሆናል። ስድቡን ኮመንት ላይ እቀበላለሁ።

ናቲ አሁንም ሽንት ቤት ነው። በሩን አንኳኩቼ «ናቲዬ፣ ደህና ነህ?» አልኩት።

«ይጣፍጣል!» አለኝ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ይሄን ልጅ ደግማችሁ ቀማሽ ታደርጉት ነበር?