ንፋስ አስገባ፣ ንፋስ አውጣ

ክንዱ፦ በአፍንጫህ! በአፍንጫህ ሳብ አልኩህ እኮ!

ይስማው፦ አፍንጫዬ በእብቅ ተደፍኗል። በአፌ ብስበው ምን ይለኛል?

ክንዱ፦ በአፍ አይሆንም! በአፉ የሚስብ ከብት ነው።

ይስማው፦ ከብትማ በአፍንጫው ነው የሚስብ። በሬዎቼን አጥቻቸው ነው?

[ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ጉብታ ላይ፣ ሁለት አውድማ ጎን ለጎን። ከጉና ተራራ በኩል በጥር ማንም ያልጠራው ጥቁር ደመና እየመጣ ነው። አንደኛው አውድማ የክንዱ ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ፣ ከገለባው ተለይቶ፣ በሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል። ሁለተኛው የይስማው ነው፤ ገብሱ ከነገለባው ሰማይ እያየ ተሰጥቷል። ሸራው በማኅበርተኛው መካከል በተራ የሚዞር ነው፤ ክንዱ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ስለሆነ ግን እሱ ዘንድ ሲደርስ መዞሩን ይረሳል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? ክንዱ ደግሞ መቆጨት አይወድም። ሰሞኑን ንፋስ መውጫ ከተማ ሄዶ ሰልጥኖ መጥቷል፤ የሰጡት ካናቴራ ላይ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ተስሏል። ከመጣ ወዲህ ካናቴራውን አላወለቀም።]

ይስማው፦ እና ንፋስ መውጫ ድረስ ሄደህ የተማርከው ንፋስ ማስገባት ነው?

ክንዱ፦ ማስገባትም፣ ማውጣትም።

ይስማው፦ ማውጣቱንስ እዚሁም አላጣነውም ነበር።

ክንዱ፦ አትቀልድ! ይሄ ማይንድፉልነስ ይባላል።

ይስማው፦ ወንፈልስ? ደግ ጠየቅህ! የኔ ወንፈል ዛሬ ነው፤ የምታግዘኝ ተራህ ነው። መንሹ ያውልህ፣ አንሳ።

ክንዱ፦ ወንፈል ማን አለ? ማይንድ ነው ያልኩህ! ማይንድ!

ይስማው፦ ማይ? ማይማ በግዕዝ ውሃ ነው፤ ቤተ ልሔም ደብር ስሳለም ከካህናቱ ሰምቻለሁ። [ወደ ደመናው እየጠቆመ] ማዩስ ያው መጣልህ።

ክንዱ፦ ውሃ አይደለም፣ አእምሮ ነው! ልብን ሰብስቦ አሁን ላይ መኖር!

ይስማው፦ እኔ ደግሞ ገብሴን ሰብስቤ አሁን ቤት ማስገባት ነው የፈለግሁ።

ክንዱ፦ አየህ? ልብህ ገብሱ ላይ ነው።

ይስማው፦ የልጆቼም ሆድ እዚያው ነው። የዓመት ቀለባቸው ይቺው ናት። ከረጠበች በቀለች፣ ከበቀለች አለቀልን።

ክንዱ፦ [በአዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ] ችግሩ ዝናቡ አይደለም፣ ይስማው። ችግሩ አንተ ዝናቡን የምታይበት ዓይን ነው።

ይስማው፦ እና ዓይኔን ብጨፍን አይዘንብም?

ክንዱ፦ ይዘንባል። አንተ ግን አትረበሽም።

ይስማው፦ ገብሱስ?

ክንዱ፦ ገብስ አእምሮ የለው፣ ምን ይረበሻል! ስማ፤ አሰልጣኛችን ሰብለ አንድ አንድ ፍሬ ዘቢብ ሰጠችንና ዓይናችንን ጨፍነን፣ ቀስ አድርገን እያጣጣምን፣ ሻይ እስኪመጣ አኘክናት።

ይስማው፦ ዘቢብ? ያ የቁርባኑ?

ክንዱ፦ አይ፣ የሱቁ።

ይስማው፦ አንዲት ፍሬ ይዞ ሲያኝኩ መዋልማ እኛ በየነሐሴው ሰልጥነንበታል። ያውም ሻዩ ሳይመጣ።

ክንዱ፦ ከአንተ ጋር መነጋገር ከድንጋይ ጋር ነው!

ይስማው፦ አያ ክንዱ፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ። ወንፈሉንም ተወው፣ ሸራውን ብቻ ስጠኝ። ተራው ከትናንት ወዲያ የኔ ነበር።

ክንዱ፦ ሸራ፣ ሸራ! ሰው በዕቃ ላይ ከተንጠለጠለ መቼ ይለወጣል? እኛ የሰለጠንነው ለማኅበራዊ ለውጥ ነው!

ይስማው፦ [ደንግጦ] ማኅበሩን ልትለውጡት? ሚካኤልን ትታችሁ ወደ ማን?

ክንዱ፦ ሚካኤልን ማን አነሳ?

ይስማው፦ ጠላውን ጠጥታችሁ፣ ዳቦውን ቆርሳችሁ፣ ታቦት ልትለውጡ! ቄስ መሐሪ ይሄን ሰምተዋል?

ክንዱ፦ የጽዋውን ማኅበር አላልኩም! ማኅበራዊ! የሕዝቡ! አንድ ሰው ሲረጋ ጎረቤቱ ይረጋል፤ ጎረቤቱ ሲረጋ መንደሩ፤ መንደሩ ሲረጋ አገሩ ይረጋል።

ይስማው፦ ሁሉም ከረጋ ገብሱን ማን ያነሳዋል?

ክንዱ፦ ኤዲያ!

ይስማው፦ አትቆጣኝ፣ አልገባ ብሎኝ ነው። ለውጥ ሲባል እኔ የማውቀው ወይፈን በአህያ ሲለዋወጡ ነው። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይመጣል።

ክንዱ፦ በቃ፣ እንደሱ በለው! አሮጌው ይሄዳል፣ አዲሱ ይመጣል። ከጭንቀት ወደ እርጋታ። ገባህ?

ይስማው፦ [ሸራውን አየት አድርጎ] አሁን ሳይገባኝ አልቀረም። ግን እኔ በዓይኔ ካላየሁ አይጸናልኝም። እስቲ አንተ ሠርተህ አሳየኝ።

[ክንዱ ይችን ነበር የሚጠብቃት። ጀርባውን ለአውድማዎቹ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ እግሩን ያጣጥፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ይስማው ከገለባው ክምር አጠገብ የቆመችውን ሚስቱን ተዋበችን በቅንድቡ ይጠቅሳታል።]

ክንዱ፦ ንፋስ አስገባ። ንፋስ አውጣ። ሐሳብ ሲመጣ አትከተለው፤ እንደ ደመና ይለፍ። ታዘበው እንጂ አትፍረድበት።

ይስማው፦ መሀል ላይ ዓይን ቢገለጥስ?

ክንዱ፦ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ይስማው፦ በል እንዳትገልጥ!

[ከኋላ ኮሽታ ይሰማል።]

ክንዱ፦ ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?

ይስማው፦ ሐሳብ ነው። አትከተለው።

ክንዱ፦ ድንጋይ ሲንከባለልም የሰማሁ መሰለኝ።

ይስማው፦ ከበድ ያለ ሐሳብ ነው። እሱም ያልፋል።

ክንዱ፦ [ፈገግ ብሎ] ጎበዝ! እየገባህ መጣ።

ይስማው፦ መምህሩ ጥሩ ሆኖ ነው።

[ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል።]

ክንዱ፦ አየህ፣ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች። አልፈረድኩባትም። ቀዝቃዛ ናት፣ አበቃ። አንተ ብትሆን ይሄኔ ገብሴን ብለህ አገሩን በጩኸት ታቀልጠው ነበር።

ይስማው፦ አቀልጠው ነበር። አሁን ግን አንተን ሳይ እኔም ረጋሁ።

ክንዱ፦ ረጋህ? ከልብህ?

ይስማው፦ ከልቤም ከሆዴም።

ክንዱ፦ [ካናቴራውን እየዳበሰ] የመጀመሪያው የለወጥኩት ሰው!

[የለወጠውን ሰው ለማየት ዓይኑን ይገልጣል፤ ዘወር ይላል። ሰማያዊው ሸራ በይስማው ገብስ ላይ ተዘርግቷል። ተዋበች ጥግ ጥጉ ላይ ድንጋይ ጭና እጇን እያራገፈች ነው። የክንዱ ገብስ ደረቱን ሰጥቶ ዝናቡን ይጠጣል።]

ክንዱ፦ ገብሴ! ኧረ የሰው ያለህ! ምን አደረጋችሁኝ?

ይስማው፦ ማኅበራዊ ለውጥ ነዋ። የማኅበሩን ሸራ ለወጥነው። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይመጣል ስልህ እንደሱ በለው አላልከኝም?

ክንዱ፦ ሊበሰብስ እኮ ነው! የልጆቼ ቀለብ እኮ ነው!

ይስማው፦ በአፍንጫህ፣ አያ ክንዱ፣ በአፍንጫህ።

ክንዱ፦ ምን ይገትርሃል? ጆንያ አምጣ! አግዘኝ! ጎረቤት አይደለህም?

[ይስማው ክንዱ ከተነሳበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። እግሩን ያጣጥፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በአፍንጫው ሳብ ያደርጋል። ያ ተደፍኖ የዋለ አፍንጫ ወለል ብሎ ተከፍቷል።]

ይስማው፦ እሰይ! እውነትህን ኖሯል። ሸራ ላለው ሰው እንዴት ያለ ደግ ትምህርት ነው!