መድረሻ ረድፍ፦ ሠላሳ ሰባት

ካርታ ሠሪዎች በቀለም ምርጫ ተጣልተው ስሟን ሳይጽፉ ያለፏት አንዲት አገር ነበረች። አርባ አንድ ወረዳዎች ነበሯት፤ ለእያንዳንዱም በግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ረድፍ ተመድቦ፣ ገቢው፣ ወጪው፣ የታመመውና የሞተው ሁሉ በዚያ ረድፍ ላይ ይሰፍር ነበር። የዓመቱ ድምር ጉድለት ካሳየ የግምጃ ቤቱ ሹም ይሻራል፤ ትርፍ ካሳየ ንጉሡ ካባ ያለብሱታል። እስከዚያ ዘመን ድረስ ካባ የለበሰ ሹም አልታየም።

እኔ በዚያው ዘመን ከሩቅ አገር ተምሬ ተመልሼ በግምጃ ቤቱ ተቀጠርኩ። አዲስ ወረዳ በተቋቋመ ቁጥር ጸሐፊዎቹ ቀመሩን በእጅ እያረሙ ሲሳሳቱ አይቼ፣ በሠንጠረዡ አናት ላይ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ጨመርኩ። በአንዱ መነሻው ረድፍ፣ በሌላው መድረሻው ይጻፋል፤ ቀመሩም በሁለቱ መካከል ያለውን ብቻ ይደምራል። መድረሻውን ከፍ ሲያደርጉት ድምሩ አዲሱን ወረዳ ይጨምራል። ዝቅ ሲያደርጉትስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ሹሙ አርባ አንድ የሚለውን በሠላሳ ሰባት ቢተካው፣ ጉድለቱ ጠፍቶ ትርፍ ብቅ አለ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ረድፎች ድህነትና ወባ የማይለቃቸው የቆላ ወረዳዎች ነበሩና። ከዚያም አገርን በአንድ ጣት ያበለጸገ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን ነገረኝ። ካባውን በሳምንቱ ለበሰ። በጀትም የሚላከው ድምሩ ለደረሰባቸው ረድፎች ብቻ ሆነ።

ከሠላሳ ዘጠነኛው ረድፍ ሲስተር አመለወርቅ የምትባል የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ሁለት ቀን በጭነት መኪና ተጉዛ መጣች። ዝናቡ አባርቶ ትንኙ ሊፈላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የወባ መድኃኒቷ ግን አልተላከም። ባለፈው ዓመት ዘግይቶባት አሥራ አንድ ሕፃናት ሞተውባታል። ሹሙ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፤ መንግሥት ለማንም መድኃኒት እንዳልከለከለም አስረዳት።

«ታዲያ የኔ የት ደረሰ፣ ጌታዬ?»

«ወረዳችሁ እኮ አለ፣ እህቴ። ማንም አልሰረዘውም፤ ይኸው ስሙ። ድምሩ ብቻ ነው ያልደረሰበት።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ድምር እንደ ሰው አይቸኩልም።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነህ አሉ የሠራኸው። ሠላሳ ሰባቱን አርባ አንድ ማድረግ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ሁለት ቁጥር መምታት ብቻ እንደሆነ ነገርኳት።

«እንግዲያ ምታዋ።»

መታሁ። ጉድለቱ በቀይ ወጣ። ሹሙ ካባውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ይህን ቀይ ቁጥር ለንጉሡ ይዤ የምገባው እኔ እንደሆንኩ በትሕትና ጠየቀኝ። በተማርኩበት አገር ድፍረት የሚባል ትምህርት አልወሰድኩም፤ ሠላሳ ሰባትን መልሼ ጻፍኩ። ሲስተሯም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

የሟቾች መዝገብ የሚደመረው በዚያው ሳጥን ስለነበር፣ በዚያ ዓመት በመንግሥቱ ግዛት በወባ የሞተ ሰው አልተገኘም። ምክር ቤቱም እጅግ ተደንቆ፣ ድሮ ወባ ሲፈጀው ለነበረው ለሠላሳ ዘጠነኛው ረድፍ የምስጋና ወረቀት ወሰነ። ሹሙ ራሱ ይዞት ወረደ። ሲስተር አመለወርቅ የተቀበለችው ከቀብር ስትመለስ ነበር። ለምን ጥቁር እንደለበሰች ጠይቋት ስትነግረው፣ ሐዘኗን በግል እንድትይዘው መከራት፤ ወረቀቱን ስለመረከቧም አስፈረማት።

ሹሙ ወደ መዲናዪቱ በተመለሰ በሁለት ሳምንቱ ትኩሳት ያዘው። ሐኪሞቹ ወባ ነው አሉ። የሚኖርበት መዲና አንደኛው ረድፍ ነውና በአንደኛው ረድፍ ተመዘገበ። ድምሩም በአገሪቱ ያለው ወባ በሙሉ በመዲናዪቱ እንደሚገኝ አሳየ። ስለዚህ ለአገር የተገዛው መድኃኒት በሰባት የጭነት መኪና ተጭኖ፣ በብርዷ ምክንያት ትንኝ ወደማይወጣባት ወደዚያች ከተማ ገባ።

ሹሙ በአምስተኛው ቀን ድኖ ተነሣ፤ እሱ የዋጠው አንድ ፓኬት ነው። የቀረው፣ ጊዜው እስኪያልፍበት ድረስ በመጋዘን ይጠበቃል። ለጠባቂዎቹ ደመወዝ በአንደኛው ረድፍ ተይዟል። የኔም እዚያው ነው።