የሁዳዴ ወተትና የነፃ ኅሊና ክበብ

የሰው ልጅ ከእምነት ሰንሰለት ተፈትቶ በገዛ ጭንቅላቱ እንዲያስብ በባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ስለተቋቋመው የነፃ ኅሊና የፖለቲካ ክበብ፣ እንዲሁም ስለ መሥራቹና የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበሩ ስለ አቶ ፍሬ ታላቅነት መመስከር የአባልነት ግዴታዬ ነው። የቀድሞ አባልነት ማለቴ ነው፤ እንዴት የቀድሞ እንደሆንሁ በኋላ አነሣዋለሁ።

አቶ ፍሬ ሲወለዱ ስማቸው ፍሬ ስብሐት ነበር። አባታቸው መሪጌታ ወልደ ጻድቅ በደቅ ደሴት ቅኔ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። ልጅየውም እስከ ዐሥራ አምስት ዓመታቸው እዚያው ሲማሩ ኖረው ዐመፁ። ስማቸውን ከወገቡ ቆርጠው ፍሬ ብቻ ሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ገብተው ተመረቁ፣ ደመወዝተኛ ሆኑ፣ ወይዘሮ ውዴን አገቡ። ሴት ልጅ ሲወልዱም ማንም ቅዱስ ድርሻ እንዳይጠይቅባት ወለላ ብለው ሰየሟት። በመጨረሻም ክበቡን መሠረቱ። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር «ጥያቄ የማይነሣበት ሥልጣን ሁሉ መፍረስ አለበት» ይላል። እንዲህ ያለ መስመር ሰምቶ ማን ዝም ይላል? እኔም ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ስለሆንሁ ቀድሜ ተመዘገብሁ።

ክበባችን ከቤተ ክርስቲያን ጋር አንዳች ዝምድና እንዳይኖረው ብርቱ ጥንቃቄ ተደርጓል። የምንሰበሰበው እሑድ ማለዳ፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ነው፤ ይህም ለተቃውሞ ነው። የሊቀ መንበሩ ቤት በሦስት ተከፍሏል። በረንዳው የዕጩዎች፣ ሳሎኑ የሙሉ አባላት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ክፍል ደግሞ የሊቀ መንበሩ ብቻ ነው። ጫማ የምናወልቀው ለምንጣፉ ብለን ነው። ፕሮግራሙን ሊቀ መንበሩ አንድ መስመር ይላሉ፣ እኛ ቆመን እንቀበላለን፤ የደከመው ግድግዳ ይደገፋል። ያጠፋ አባል ብቻውን ቀርቦ ጥፋቱን ይናገራል፤ ሊቀ መንበሩም ሰምተው ፕሮግራሙን አርባ ጊዜ እንዲያነብ ያዝዙታል። ሁሉም በሳይንስ የተጠና ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የዓርብ ማዕዳችን ነው። በደንባችን መሠረት ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ያልቀመሰ አባል የኋላቀርነት ርዝራዥ አለበት። ልኳንዳ ቤቶች በነዚያ ቀናት ስለሚዘጉ ከዋዜማው ገዝተን እናሳድራለን። አንድ ጊዜ የፋብሪካ ጡረተኛው አቶ አዘዘ ሪህ ጸንቶባቸው በጭንቀት ቀረቡ።

«ሊቀ መንበር፣ ሐኪሙ ሥጋ ከልክሎኛል። ሽሮ ብላ ነው የሚለኝ።»

«በዓርብ?»

«በሽታው ቀን አይመርጥ።»

ሊቀ መንበሩ መጋረጃው ውስጥ ገብተው ብዙ ቆይተው ወጡ። «ለደካሞች ዕንቁላል ተፈቅዷል» አሉ። አቶ አዘዘ እጅ ነሥተው ተቀመጡ።

ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ደግሞ የምሥረታችን ታሪክ ይተረካል። ሊቀ መንበሩ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ በሁዳዴ፣ ያውም በዓርብ፣ በአባታቸው ፊት አንድ ዋንጫ ወተት ጨለጡ። አባት ጮኹ፣ ረገሙ፣ በዝናብ ከቤት አባረሩ። ብላቴናውም ብቻውን ጣናን ተሻግሮ ለነፃነት በቃ። «ዝናብ» የሚለው ላይ ሲደረስ በረንዳ ላይ ያሉት ዕጩዎች ያለቅሳሉ። እኔም ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ። ስለ ግብር፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ምርጫ ያለን አቋም ሁሉ ከዚያች ዋንጫ የተቀዳ ነው። ክርክር የከረረ እንደሆነ ሊቀ መንበሩ «ወገኖቼ፣ ያንን ዝናብ አስቡ!» ይላሉ፤ ክርክሩም ያበቃል።

ዐሥራ ሁለት እሑድ የዋለ ቀን ታሪኩ ተተርኮ እንባችንን ስንጠርግ ወለላ እጇን አወጣች። ያን ጊዜ ፔዳ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች።

«ጥያቄ አለኝ» አለች። ክበቡ ከተመሠረተ ወዲህ የመጀመሪያው ስለነበር ምን እንደሚደረግ ግራ ገባን።

«ሊቀ መንበሩ የሚመረጡት መቼ ነው?»

ሊቀ መንበሩ መጋረጃው ውስጥ ገብተው ወጡ። እስከ ዓርብ ተመክራ ጥያቄዋን ካልተወች እንድትባረር ተወሰነ። መባረር ደግሞ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ያረቀቁት አንቀጽ ሰባት «ከተባረረ ሰው ጋር ማዕድ የቆረሰ እርሱም ተባርሯል» ይላል።

በግድግዳው በኩል ወይዘሮ ውዴን ሰማኋቸው።

«የገዛ ልጅህን ከገበታህ ልታስነሣት ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁ? ደንቡ ነው።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

እውነቱን ለመናገር ሊቀ መንበሩ ልጃቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው ይወዷታል፤ ያን ሳምንት እህል አልወርድ ብሏቸው ከስተው ነበር። ነገር ግን ለልጅ ተብሎ ደንብ ከታጠፈ ነገ ማን ይፈራል?

ዓርብ ደረሰ። ወለላ ከጥያቄዋ አልተመለሰችም። ፔዳ አጠገብ ቤት የተከራየች ጓደኛዋ ዘንድ ልትገባ ልብሷን በሻንጣ ከትታ፣ በረንዳው ላይ ባጃጅ ትጠብቃለች። እኛ ሳሎን ያደረውን ጥብስ ከበናል። ሊቀ መንበሩ ውሳኔውን ሊያሰሙ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የግቢው በር ተንኳኳና መሪጌታ ወልደ ጻድቅ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዘው ገቡ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደቅ በጀልባ መምጣታቸው ነበር።

ጫማቸውን አወለቁና ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። ፊታቸው በራ።

«እሰይ ልጄ! በረንዳው ቅኔ ማኅሌት፣ ይህ ቅድስት፣ ያውና መጋረጃው። ታቦቱ የማን ነው?»

«ታቦት የለም አባባ። የፖለቲካ ክበብ ነው።»

«እንዲያ ነው? ታዲያ ባዶውን ነው የምትጋርዱት?»

መሪጌታ ተቀመጡ።

«ልጂቱስ ምነው ሻንጣ ይዛ ውጭ ቀረች?»

«ልትባረር ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ ወደ መሬት እያዩ።

«ምን አጥፍታ?»

«ጥያቄ ጠይቃ» አሉ አቶ አዘዘ፣ አምልጧቸው።

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መልሱ ጠፍቶህ ነው? በእኔ ጉባኤ ተማሪ ተነሥቶ ቅኔዬን ሲነቅፍብኝ፣ ይህስ ሰው ሊወጣው ነው ብዬ ደስ ይለኛል። ሂድና ድገም የምለው ዝም ያለውን ነው።»

ሊቀ መንበሩ ይህን መታገሥ አልቻሉም። «እርስዎ! ለአንድ ዋንጫ ወተት በዝናብ ያባረሩኝ እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ?»

«የምን ዝናብ?» አሉ መሪጌታ። «ሁዳዴ አልነበረም ወይ? በበጋ የምን ዝናብ አመጣህብኝ?»

እርስ በርስ ተያየን። ይህን ያህል ዓመት ስናለቅስ የወሩን ነገር ያሰበ አልነበረም።

«ወተቱንማ ጠጣህ» ቀጠሉ መሪጌታ። «እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቀዝቅዟል ላሙቅልህ አለች። እኔ ቃል አልተናገርሁም። ከትንሣኤ በኋላ ከተማ ሄጄ ልማር አልህ። ስንቅህን ተሸክሜ ታንኳው ድረስ የሸኘሁህ እኔ አይደለሁም ወይ?»

ሊቀ መንበሩ ቆመው ቀሩ። ድምፃቸው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ።

«ለምን አልተቆጡኝም ታዲያ?»

«ርቦት ነው ብዬ» አሉ መሪጌታ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለደንባችን እጅግ አሳዛኝ ነው። መሪጌታ «ዓርብ ነው፣ ሽሮ አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ውዴ ለካ ለልጃቸው ደብቀው ሠርተው ኖሯል፤ አመጡ። መሪጌታ ገበታውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጥተው ባርከው ከወለላ ጋር ይበሉ ጀመር። ወይዘሮ ውዴ ተከተሉ። አቶ አዘዘ «ሪሄ ነው እንጂ እኔስ» እያሉ ወጡ። እኔ ደንብ ሲጣስ ለመታዘብ ወጣሁና እግረ መንገዴን ጎረስሁ፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ። ሳሎን የቀሩት ሊቀ መንበሩና ያደረው ጥብስ ብቻ ነበሩ።

ባጃጁ በር ላይ ደርሶ ጥሩንባውን ነፋ። ወለላ ሻንጣዋን አንሥታ ቆመች። ይኼን ጊዜ ሊቀ መንበሩ በባዶ እግራቸው ወጡ።

«አባዬ፣ አንቀጽ ሰባትስ?» አለች።

ቁጢጥ አሉና በሽሮው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት። ወለላ ትንሽ አስጨነቀቻቸው፤ ከዚያ አፏን ከፈተች። እንዲህ ሁላችንም በአንቀጽ ሰባት ተባርረን፣ ክበቡ አባላቱ በተሟሉበት ፈረሰ። ባለ ባጃጁም ጎርሶ ባዶ ባጃጁን ነድቶ ሄደ።

ወለላ ከወር በኋላ ፔዳ አጠገብ ክፍል ተከራየች፤ ፍራሿንና ስንቋን በባጃጅ ያደረሱላት አባቷ ናቸው። እዚያም የጠያቂዎች ክበብን መሠረተች። በዚያ ክበብ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ያልጠየቀ ይባረራል። እኔ ያለ ክበብ መኖር የማልችል ሰው ነኝና ወዲያው ገባሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ የምሥረታው ታሪክ ተተረከ። መሥራቿ ለአንዲት ጥያቄ ሲሉ በአባታቸው ተረግመው፣ ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠሉ በዝናብ ተባረሩ። ወጣቶቹ አለቀሱ። እኔም ግዴታዬን ልወጣ እጄን አወጣሁ።

«ያን ቀን ዝናብ ነበር እንዴ? ማንጎ እየበላን ፀሐይ ስንሞቅ አልነበረም?»

እስከ ዓርብ እንድመከር ተወሰነ።

አሁን ዓርብ ዓርብ ከፍሬ ጋር በረንዳው ላይ ሽሮ እንበላለን። አንተ መባባል ጀምረናል። ባለፈው ጊዜ አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት።

«ልጅህ በሰው ፊት እንዲህ ስታወራብህ እንዴት ዝም ትላለህ?»

ፍሬ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

«ምን ልበላት?» አለ። «ዝናቡ እንደሆነ የኔው ነው።»